የልጄን ባለ ባትሪ መኪና ገጥሜ ጨረስኩ፤ ዲናሞው ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትንቀሳቀስም

የሐይቅ ዳር አባት (ሐዋሳ)፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 4፡10

እንደምን አመሻችሁ? ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ካቻቢቴ የያዝኩት የማብሪያና ማጥፊያ ክዳን ለማጥበቅ ብቻ እንደነበር አስቀድሜ ልናዘዝ። ነገ እሑድ ወንድ ልጄ አራት ዓመት ስለሚሞላው፣ ልጅ ተቀምጦ የሚነዳት ባለ 12 ቮልት መኪና ከአዲስ አበባ ገዛሁለት። ካርቶኗ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ሐዋሳ ድረስ ስለመጣ፣ ልፋቱ መነኻሪያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ካርቶኑን ስከፍተው ግን መኪና አላገኘሁም። አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ የመሰለ ፕላስቲክ፣ አራት ጎማ፣ አንድ ረጅም የብረት ዘንግ፣ መሪ፣ የንፋስ መከላከያ፣ ሽቦ የተንጠለጠለባቸው ሁለት ጥቁር ሳጥኖችና በየፌስታሉ የታሸጉ ብሎኖች ወጡ። የመመሪያው ደብተር 16 ገጽ ሲሆን፣ ሥዕሎቹ የጥፍር ያህል ናቸው። ጽሑፉን በስልኬ ካሜራ ወደ አማርኛ ባስተረጉመው «አጣቢውን በዘንጉ ላይ አኑር፤ ለውዙን አጥብቅ» የሚል ወጣልኝ። ሁለት ገጽ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ቁጥቋጦውን ወደ ጎማው አስገባ» ይላል። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ ሆና አነበበችና፣ ለውዙ ከካርቶኑ ውስጥ ከሌለ ከሱቅ ታስመጣልኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሬ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስኩ። ለዓይን ካርቶኑ ላይ ካለችው መኪና ምንም አትለይም። ፔዳሉ ሲረገጥ ግን ከኋላ በኩል የቡና መፍጫ የመሰለ ድምፅ ይሰማል እንጂ ጎማዎቹ አይዞሩም። ሪሞቱም ከናካቴው አይሠራም። በዚያ ላይ አራት አጫጭር ብሎኖችና ሁለት «አጣቢዎች» ተርፈው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለዋል። የልደቱ ዝግጅት ነገ 9 ሰዓት ነው። ሻጩ የተፈታ ካርቶን እንደማይመልስ አስቀድሞ ነግሮኛል። ዲናሞው ተበላሽቶ ይሆን?


ባለ ሳይክሉ (ሐዋሳ)፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 4፡35

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የስልክዎን ተርጓሚ ዝም ያሰኙት። አጣቢ ያለው ሮንዴላን ነው፤ ለውዝ ያለውም ዳዶን ነው። ቁጥቋጦ የተባለው ደግሞ ጎማው ዘንጉ ላይ ሲዞር ብረቱ ፕላስቲኩን እንዳይበላው በመካከል የሚገባው ቀለበት፣ እኛ ቡሽ የምንለው ነው። ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ከጣሊያንኛ ወርሰናቸው ጋራዥ ለጋራዥ የኖሩ ቃላት ስለሆኑ፣ ከእንግሊዝኛ ቀጥታ የሚተረጉም ማሽን አያገኛቸውም። መመሪያውን ድጋሚ ሲያነቡ በእነዚህ እየተኩ ያንብቡት፤ ግማሹ ችግር ይፈታል።

ችግሩን በተመለከተ፣ እኔ የምጠረጥረው ዳዶው ከመጠን በላይ መጥበቁን ነው። ሳይክል ላይም ጀማሪዎች ዳዶውን እስኪጮህ ያጠብቁትና ጎማው ይታሰራል። መኪናዋን በጎኗ ያስተኟትና የኋላውን ጎማ በእጅዎ ያዙሩት። የማይዞር ከሆነ ዳዶውን በግማሽ ዙር ያላሉት። ዘንጉ አብሮ ስለሚዞር ሁለት መፍቻ ያስፈልግዎታል፤ አንዱ የዚያኛውን ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው ይፈታል።


የሁለት ልጆች እናት፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 4፡50

ስለ ዲናሞ የማውቀው የለም። ነርስ ስለሆንኩ ግን ጠረጴዛው ላይ ተርፈዋል የተባሉት አራት ብሎኖች እንቅልፍ ነሡኝ። ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ካለ፣ አሁኑኑ ተቆጥረው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይግቡ። በአሻንጉሊት ደኅንነት ምርመራ ላይ ለትንንሽ ዕቃዎች የሚያገለግል፣ አፉ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መለኪያ አለ፤ ሳይጫኑት በውስጡ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር ሁሉ ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አናቂ ተደርጎ ይቆጠራል። የእርስዎ ብሎንና ሮንዴላ ያለ ጥርጥር ይገቡበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሪሞቱ ነው። በውስጡ የሳንቲም ቅርጽ ያለው ክብ ባትሪ ካለ፣ ክዳኑ በብሎን የተዘጋ መሆኑን ያረጋግጡ። እንዲህ ያለው ባትሪ ተውጦ ጉሮሮ ላይ ሲቀር፣ ከምራቅ ጋር ተገናኝቶ በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ፍሰት ምክንያት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ልጅ ውጦታል ብሎ የጠረጠረ ወላጅ፣ ሕመሙ እስኪታይ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።


የሐይቅ ዳር አባት (ሐዋሳ)፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 5፡05

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአሥራ አራት ወር ሴት ልጅ አለችኝ፤ በጠረጴዛ ጫፍ ተይዛ መቆም የጀመረችውም በዚህ ሳምንት ነው። ሁሉንም የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከትቼ ቁም ሣጥን ላይ ሰቅዬዋለሁ። የሪሞቱ ባትሪዎች ሁለት ቀጫጭን ድንጋዮች ሲሆኑ ክዳኑም ብሎን አለው።

ባለ ሳይክሉ፣ እንዳሉኝ መኪናዋን አስተኝቼ አየሁ። የኋላው ጎማ በእጄ እንደ ልቡ ይዞራል። ዳዶውን ባላላም ለውጥ የለም፤ ድምፁ እንዳለ ነው።


የድሮ ልጅ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 5፡12

በእኛ ጊዜ አባቶቻችን ምንም አልገዙልንም፤ መኪናችንን ራሳችን እንሠራ ነበር። ሽቦ እናጣምም፣ ለጎማ ቆርኪ እንቀጠቅጥ ነበር። ከጋራዥ ያረጀ ኩሽኔታ ያገኘ ልጅ ደግሞ በሳንቃ ላይ ገጥሞ የሰፈሩ ባለ መኪና ይሆን ነበር። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች አንዱ ሲነዳ ሌላው ይገፋ ነበር እንጂ ዳዶም ሪሞትም አልነበረም። አሁንም ጠዋት አንድ ባለሙያ ጠርተው ቢያስገጥሙት ይሻላል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ አይልፉ።


ጋሼ ዲናሞ (አዳማ)፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 5፡40

እዚህ አዳማ ውስጥ በበዓልና በእሑድ ቀን እነዚህን መኪኖች ለልጆች በደቂቃ አከራያለሁ። ስድስት አሉኝ፤ ስድስቱንም በእጄ ገጥሜአቸዋለሁ፣ ከስድስቱ ሁለቱን አንተ እንደገጠምከው አድርጌ ስለገጠምኳቸው ችግርህን ከነገርከን ድምፅ ብቻ አወቅሁት።

ባለ ሳይክሉ ወንድማችን የሰጠህ ምክር ለሳይክል ትክክል ነው። እዚህ ግን ድምፁን አዳምጥ። ጎማው ታስሮ ቢሆን ኖሮ ዲናሞው ወፍራም ድምፅ አውጥቶ ያቃስታል፣ ወዲያውም ይሞቃል። የአንተው እንደ ቡና መፍጫ የሚጮኸው ሸክም ስለሌለው ነው፤ ጥርሱ ባዶ ይዞራል እንጂ ጎማውን አልያዘውም። እነዚያ ሽቦ ያላቸው ሁለት ጥቁር ሳጥኖች ካምቢዮዎች ናቸው። በየአንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ትንሽ ዲናሞና ተከታታይ የፕላስቲክ ማርሾች አሉ፤ ዲናሞው በጣም ፈጥኖ ይዞራል፣ ማርሾቹ ፍጥነቱን እየቀነሱ ጉልበት ያደርጉታል። የመጨረሻው ማርሽ ፊት ለፊት ላይ ወጣ ወጣ ያሉ ጥርሶች አሉት፤ እነዚህ ጥርሶች በኋላ ጎማው ጀርባ ላይ ወደተዘጋጀው ጉድጓድ ይገባሉ። ያ ጉድጓድ ያለው በሁለት ጎማዎች ላይ ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ጀርባቸው ልሙጥ ወይም ክብ ቀዳዳ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ቦታቸው ፊት ነው። አራቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። አንተ ልሙጦቹን ወደ ኋላ፣ ባለ ጉድጓዶቹን ወደ ፊት ወስደሃቸዋል። ጎማው በእጅህ እንደ ልቡ መዞሩ ለዚህ ማስረጃ ነው፤ ካምቢዮው የያዘው ጎማ በእጅ ሲዞር ከበድ ይላል፣ ማርሾቹም ሲንኳኩ ይሰማል።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር አለ፤ መልሱ አዎ እንዳይሆን እየጸለይኩ ነው። የቸርኬውን ክዳን ገጭ አድርገህ አስገብተኸዋል?


የሐይቅ ዳር አባት (ሐዋሳ)፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 5፡48

ጋሼ፣ የፊቱን አንድ ጎማ ፈትቼ ጀርባውን አየሁት፤ እንዳሉት ጉድጓድ አለው። መመሪያው ገጽ 6 ላይ ሁለቱን ጎማዎች ለየብቻ ሥሏቸው ኖሯል፤ እኔ አንድ ሥዕል ሁለት ጊዜ የታተመ መስሎኝ አለፍኩት።

ክዳኖቹን በተመለከተ፣ አንዱ አልተገጠመም ነበር። ሦስቱን ግን አስገብቻቸዋለሁ። ገጭ ሲሉ ደስ ይል ነበር።


ጋሼ ዲናሞ (አዳማ)፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 5፡59

ደስ ማለቱ አያጠራጥርም። ክዳኑ እንዲገባ እንጂ እንዲወጣ ተብሎ አልተሠራም፤ በጀርባው ያሉት ምላሶች አንዴ ከያዙ በጉልበት ሲሳቡ ይሰበራሉ። ስለዚህ በፍጹም ከፊት በኩል በካቻቢቴ እንዳትፈለቅቀው። በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ክዳኑ ላይ አድርግበት፤ ፕላስቲክ ሲሞቅ ለስለስ ስለሚል ምላሱ የመተጣጠፍ ዕድል ያገኛል። ከዚያ ጎማው ከጀርባ ቀዳዳ ካለው በዚያ በኩል ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብተህ ምላሶቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ግፋ። አንዱ ቢሰበርብህም አትዘን፤ ክዳኑ ጌጥ ነው፣ ጎማውን የያዘው ዳዶው ነው። የእኔ መኪኖች ዛሬ ከሃያ አራቱ ክዳኖቻቸው የቀሯቸው ሰባት ናቸው።

ጎማዎቹን ስትለውጥ የኋላውን ጎማ እያዞርክ ወደ ካምቢዮው ግፋው። ጥርሱ ሲገባ በእጅህ ይታወቅሃል፤ ሳይገባ ዳዶ ካሰርክበት ጥርሱን ትበላዋለህ። የዳዶው ውስጥ ላስቲክ ያለበት ከሆነ በንዝረት እንዳይፈታ ተብሎ ነው፤ መጥበቅ ያለበት ጎማው ወዲያና ወዲህ እስከማይጫወት ድረስ ብቻ ነው። ወደ ፕላስቲክ የሚገቡትን ብሎኖች ደግሞ ከበድ ሲሉህ አቁም፤ ፕላስቲክ አንዴ ከተላጠ ብሎን አይዝም። ሪሞቱን ለማስተዋወቅ አብዛኞቹ ላይ የሚሠራው፣ መኪናዋ ጠፍታ ሳለ የሪሞቱን አዝራር መብራቱ ብልጭ ብልጭ እስኪል ተጭኖ ከዚያ መኪናዋን ማብራት ነው። መብራቱ መብለጭለጩን ትቶ ሲረጋ ተያይዘዋል ማለት ነው።

ጎማዎቹን ከለወጥክ በኋላ ልጁን ከማስቀመጥህ በፊት መኪናዋን ባዶዋን በሪሞት ንዳት። ቀጥታ መሄድ ትታ በአንድ ጎን ከዞረች፣ የአንዱ ዲናሞ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠው ዲናሞዎቹ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ እየዞሩ ነው።


ባለ ቴስተሩ (ሐዋሳ)፣ እሑድ ከሌሊቱ 6፡20

ሁላችሁም ስለ ጎማ ስትነጋገሩ ባትሪው ተረሳ። ባትሪውን ለስንት ሰዓት ቻርጅ አደረጉት? ይህን የምጠይቀው እነዚህ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት በታሸገ የሊድ አሲድ ባትሪ ስለሆነ ነው። ሱቅ ውስጥ ለወራት ሲቀመጥ ኃይሉን በራሱ ጊዜ ይለቃል። ቴስተር ካለዎት ይለኩት፤ በደንብ የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሳይሠራ ሲለካ 12.7 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ወደ 12 ከወረደ ሊያልቅ ደርሷል።

ሌላው የቻርጀሩ ጉዳይ ነው። ተሰክቶ ከሆነ እንኳ ይንቀሉትና ጀርባውን ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን የእኛ መስመር 220 ቮልት ስለሆነ ሊቃጠል ይችላል። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤቴ ከአሜሪካ በኮንቴይነር የመጣ ተመሳሳይ መኪና ደርሶት፣ የሶኬቱን ጫፍ ብቻ በማስማሚያ ለውጦ ሰካው። የቀረው ሽታው ብቻ ነበር። ማስማሚያ የሶኬቱን ቅርጽ ይለውጣል እንጂ ቮልቱን አይለውጥም።


የሐይቅ ዳር አባት (ሐዋሳ)፣ እሑድ ከሌሊቱ 6፡45

ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ይላል፤ አነበብኩት። ቴስተር የለኝም። ቻርጅ ያደረግኩት ግን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መብራት ሄዶ ነበር። ባትሪው ላይ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሚል ተጽፏል፤ ቻርጀሩ ላይ ደግሞ 700 ሚሊ አምፒር ይላል። ከቁጥር ጋር እንደሚኖር ሰው ሰባትን ለዜሮ ነጥብ ሰባት አካፈልኩና አሥር ሰዓት አገኘሁ። ትክክል ነኝ?


ባለ ቴስተሩ (ሐዋሳ)፣ እሑድ ከሌሊቱ 6፡58

ሂሳቡ ትክክል ነው። ከሚገባው ኃይል የተወሰነው በሙቀት መልክ ስለሚጠፋ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ቢያስቡት ይሻላል፤ ባዶ ላልሆነ ባትሪ ግን ያነሰ ይበቃዋል። አሁን ሰክተው ቢተኙ እስከ ነገ ቀትር አሥራ አንድ ሰዓት ያገኛል። ቻርጀሩን ከሶፋና ከመጋረጃ አርቀው ባዶ ወለል ላይ ያድርጉት።


ጋሼ ዲናሞ (አዳማ)፣ እሑድ ከሌሊቱ 7፡10

በዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። የመጀመሪያው ቻርጅ የግድ ሙሉ መሆን ያለበት፣ እንደ ጥምቀት የሚታይ ነገር አይደለም፤ እኔ ከካርቶን ባወጣሁ በሦስት ሰዓቱ አከራይቼ አውቃለሁ፣ ባትሪው ምንም አልሆነም። ሊድ አሲድን የሚገድለው ባዶውን መቀመጥ ነው። ልጁ ነድቶ ጨርሶ በዚያው ጓሮ ሁለት ወር ከቆመች፣ ባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ ላይ ድኝ ነክ ጨው ይጋገርና ዳግም አይሞላም። ለነገው ግን ባለ ቴስተሩ እንዳለህ አድርግ፤ እንግዶች ፊት መሐል መንገድ ላይ ከምትቆም ይሻላል።


የድሮ ልጅ፣ እሑድ ከሌሊቱ 7፡15

ባለሙያ ይጥሩ ያልኩትን አንስቻለሁ። ባለሙያው እዚሁ መድረክ ላይ እንዳለ አላወቅሁም ነበር።


የሐይቅ ዳር አባት (ሐዋሳ)፣ እሑድ ከምሽቱ 2፡30

አሁን ነው መቀመጫ ያገኘሁት። ክዳኖቹን ጋሼ እንዳሉት በሙቅ ጨርቅ አወጣኋቸው። ሁለቱ በሰላም ወጡ፤ ሦስተኛው አንድ ምላስ ጣለ፣ ያንን በግድግዳ በኩል በሚቆመው ጎን ገጠምኩት። የኋላው ጎማ ጥርሱን ሲይዝ በእጄ የተሰማኝን ነገር ልገልጸው አልችልም፤ ቁልፍ በትክክለኛው በር ላይ ሲዞር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ሪሞቱም በመጀመሪያው ሙከራ ተያያዘ። ባዶዋን ግቢ ውስጥ ሁለት ዙር ነዳኋት፤ ቀጥ ብላ ሄደች።

የተረፉት ሁለት ሮንዴላዎች የፊት ጎማዎች ነበሩ፤ በዳዶውና በጎማው መካከል መግባት የነበረባቸው ናቸው። አራቱን ብሎኖች ግን ጠዋት ሙሉ ደብተሩን ባገላብጥም ቦታቸውን አላገኘሁም። ቦታቸውን ያገኘው ልጄ ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ወደ አስፋልቱ ዳር ወጣን፤ ሰፈራችን ሜዳ ስለሆነ እስከ ማዕዘኑ ሱቅ ድረስ እኔ ሪሞቱን ይዤ አብሬው ሄድኩ። ሱቁ ጋ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ከነመቀመጫው ወደ ቀኝ ተንሸራተተ። ወዲያው በሪሞቱ አቆምኳት፤ ልጄ ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም የመኪናዋ ሥራ መስሎት ድገመው አለኝ። መቀመጫው ከሥሩ ባለው ባትሪ ላይ ተቀምጦ ብቻ ነበር፤ ብሎኖቹ መቀመጫውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያስሩት ነበሩ። እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ካቻቢቴ ተውሼ አሰርኩት። ሦስቱ ገቡ፤ ለአራተኛው ቀዳዳ የለውም። ሁሉም ቦታ ፈለግሁ።


ጋሼ ዲናሞ (አዳማ)፣ እሑድ ከምሽቱ 2፡52

አራተኛው መለዋወጫ ነው፤ አንዳንዱ ፋብሪካ አንድ ይጨምራል። ወደ ጣሳህ መልሰው፣ ጣሳውንም ከቁም ሣጥኑ ላይ አታውርደው። አሁን መኪናዋን አጥፍተህ ባትሪውን ሰካ።


የሐይቅ ዳር አባት (ሐዋሳ)፣ እሑድ ከምሽቱ 2፡55

ሰክቻለሁ ጋሼ።